ለአዋቂዎች ማጅራት ገትር የሚሸጡት መመርመሪያዎች፦ ሀዋሳ ላይ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

የባክቴሪያን ማጅራት ገትር ከቫይረሱ ይለያሉ ተብለው ለላብራቶሪ የሚቀርቡት ባዮማርከሮች (በሽታን የሚጠቁሙ በሰውነት ፈሳሽ የሚለኩ ነገሮች) በተግባር አራት ናቸው፦ በመዳፍ የሚያዝ የላክቴት መለኪያ፣ የፕሮካልሲቶኒን (ባክቴሪያ ሲገባ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ካሴት፣ ሲአርፒ (በብግነት ጊዜ የሚጨምር ሌላ ፕሮቲን)፣ እና የትም የማይጠፋው የሽንት ስትሪፕ። ሻጩ ካታሎጉን ሲዘረጋ አራቱም ያማሩ ናቸው። ሀዋሳ ላይ ግን በሽተኛው ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ ወይም ከዲላ ሲደርስ ክንዱ ላይ ካኑላ አለ፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይም ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ መጀመሩ ተጽፏል። የካታሎጉ ቁጥር የተሠራው በአብዛኛው መድኃኒት ባልነካቸው ሰዎች ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ግምገማ ከዚያ ቁጥር ምን ያህሉ እንደሚተርፍ የሚነግር ነው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። አንድ ነገር ብቻ መግዛት የሚችል የላብራቶሪ ቤት ከወገብ በመርፌ ለሚቀዳው የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ የላክቴት መለኪያ ይግዛ። ሁለተኛ መጨመር የቻለ ፕሮካልሲቶኒን ይጨምር፤ ግን ያለ ወባ ምርመራ አያንብበው። ሲአርፒ ቀድሞም ስላለ አጠቃቀሙን ማስተካከል ይበቃል። የሽንት ስትሪፑ የሌሊት ተረኛ መጠባበቂያ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

አራቱም ሴፍትሪያክሶን ለማዘግየት ሰበብ አይሆኑም። የመጀመሪያው ዶዝ በሽተኛው በገባ በ1 ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ባዮማርከር የሚገዛው ሕክምና ለመጀመር አይደለም፣ ለማቆም ነው። 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ማለት በቀን ባለ 1 ግራም 4 ብልቃጥ ነው፤ በ10 ቀን 40 ብልቃጥ ይሆናል። ባክቴሪያ እንዳልሆነ በሁለተኛው ቀን በልበ ሙሉነት መናገር የቻለ ላብራቶሪ የአልጋውን ሳይቆጥር ሠላሳ ብልቃጥ ገደማ አተረፈ ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት

ኒውባወር ቻምበሩ (የሕዋስ መቁጠሪያ መስታወቱ) የተሸረፈ፣ የግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ የሚያሳየው) ማቅለሚያው ዝቃጭ የያዘ ቤት ባዮማርከር አይግዛ፤ መጀመሪያ እነዚያን ይጠግን። ባዮማርከር የሕዋስ ቆጠራን፣ ፕሮቲንን፣ ግሉኮስንና ግራም ስቴይንን ይደግፋል እንጂ አይተካም። ከጥንቶቹ መለኪያዎች ውስጥ ዛሬም ክብደት ያላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የስፓኖስና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው የሚከተሉት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ባክቴሪያ መሆኑን በ99 በመቶ እርግጠኝነት ይጠቁማሉ፦ የፈሳሹ ግሉኮስ ከ34 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች፣ የፈሳሹ ግሉኮስ ለደም ግሉኮስ ሲካፈል ከ0.23 በታች፣ ፕሮቲን ከ220 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ፣ ነጭ ሕዋስ በማይክሮ ሊትር ከ2000 በላይ፣ ወይም ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋው የነጭ ሕዋስ ዓይነት) ከ1180 በላይ። እነዚህን ያገኘ ሰው ተጨማሪ ኪት መክፈት አያስፈልገውም። ባዮማርከር የሚጠቅመው በመሀል ለሚወድቁት ነው፤ ሕዋሱ 150፣ ፕሮቲኑ 90፣ ግራም ስቴይኑ ምንም ያልታየበት ዓይነት ውጤት ሲመጣ።

እዚህ ሁለት ነገር በተደጋጋሚ ይበላሻል። አንደኛው ሰዓት ነው። ፈሳሹ በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ ኒውትሮፊል ይፈርሳል፤ በ1 ሰዓት ውስጥ አንድ ሦስተኛው፣ በ2 ሰዓት ግማሹ ይጠፋል። ከዋርድ ወደ ላብራቶሪ «ተላላኪው ሲመለስ ይወስደዋል» የተባለ ቱቦ ባክቴሪያውን ቫይረስ አስመስሎ ይደርሳል። ሁለተኛው የ40 በመቶ ግሉኮስ ነው። ራሱን ስቶ ለመጣ በሽተኛ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግሉኮስ በደም ሥር መግፋት የተለመደ ነው፤ ስሕተትም አይደለም። ግን የደሙ ስኳር ወዲያው ሲሰቀል የህብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ እሱን ለመከተል ሰዓታት ይፈጅበታል። በመሀል የተወሰደ ናሙና ንጽጽሩን ያለ ባክቴሪያ ከ0.4 በታች ሊያወርደው ይችላል። የደም ስኳሩ ከግሉኮሱ በፊት ይለካና ሰዓቱ ይጻፍ። ላክቴት ከዚህ ወጥመድ ነፃ መሆኑ አንዱ ብልጫው ነው።

ላክቴት፦ ርካሹና ጠንካራው

ማጅራት ሲቆጣ ባክቴሪያውም፣ የተሰበሰበው ኒውትሮፊልም፣ ኦክስጅን ያጠረው የአንጎል ህብረ ሕዋስም ግሉኮስን ወደ ላክቴት ይለውጣሉ። ላክቴት በደምና በአንጎል መካከል ያለውን ግርዶሽ በቀላሉ ስለማያልፍ፣ በሽተኛው ሾክ ውስጥ ሆኖ የደሙ ላክቴት ቢሰቀልም የፈሳሹን ያን ያህል አይረብሸውም። በቫይረስ ማጅራት ገትር ደግሞ በአብዛኛው ዝቅ ብሎ ይቆያል። ልዩነቱን የሚያሰፋው ይህ ነው።

የመለያው ወሰን ብዙ ቦታ 3.5 ሚሊ ሞል በሊትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የጥናቶች ጥርቅም ወሰኑን 35 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ላይ አስቀምጦ በሽታውን የመያዝ አቅሙን 93 በመቶ፣ ጤነኛውን የመለየት አቅሙን 96 በመቶ አግኝቷል። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያደባልቁ ብዙ ናቸው፦ ሚሊ ሞሉን በ9 ማባዛት ሚሊ ግራሙን ይሰጣል፤ ስለዚህ 35 ሚሊ ግራም 3.9 ሚሊ ሞል ነው እንጂ 3.5 አይደለም። ማሽኑ በየትኛው መለኪያ እንደሚያወጣ ሳይታይ የውጤት ወረቀት ላይ «ላክቴት 30» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ሐኪሙን ያስደነግጣል፤ በሚሊ ግራም ከሆነ 3.3 ነው፣ ከወሰን በታች።

መራራው ክፍል እዚያው ጥናት ውስጥ አለ። አንቲባዮቲክ ሳይጀምሩ ናሙና በሰጡት ላይ የመያዝ አቅሙ 98 በመቶ ሲሆን፣ ቀድመው በጀመሩት ላይ 49 በመቶ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። ስለዚህ ሪፈር ሆኖ ለመጣ በሽተኛ ላክቴቱ ከፍ ካለ ይታመናል፤ ዝቅ ካለ ግን «ባክቴሪያ አይደለም» አይባልም። የላብራቶሪ መጠየቂያው ላይ «አንቲባዮቲክ የተጀመረበት ሰዓት» የሚል ባዶ ቦታ ከሌለ በእስክሪብቶ ይጨመር። ያ መስመር ከማሽኑ እኩል ዋጋ አለው።

ላክቴቱ በሁለት መንገድ ይለካል። የኬሚስትሪ ማሽን ያለው ቤት የላክቴት ኦክሲዴዝ ሪኤጀንት ገዝቶ በዚያው ላይ ቢሠራ ይመረጣል፤ ውጤቱ የተረጋጋ ነው፣ ናሙናውም ጥቂት ማይክሮ ሊትር ይበቃዋል። ችግሩ መብራት ነው፤ ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፣ ጀነሬተር ተነሥቶ ማሽኑ ሞቆ ኮንትሮሉ (ልኩ የታወቀ ማረጋገጫ) እስኪያልፍ ናሙናው ያረጃል። ለዚህ ነው በባትሪ የሚሠራው የእጅ መለኪያ የሚማርከው። ጠብታዋ ከ1 ማይክሮ ሊትር ያነሰች ናት፣ ውጤቱም በሴኮንዶች ይወጣል።

ሻጩ የማይነግረው ነገር ግን አለ። እነዚህ መለኪያዎች የተሠሩት ለሯጮችና ለብስክሌተኞች የጣት ደም ነው። ስሌታቸው ቀይ የደም ሕዋስ ያለበትን ደም ታሳቢ ያደርጋል፤ የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ቀይ ሕዋስ ስለሌለው ንባቡ ሊዛባ ይችላል። ገዝቶ በቀጥታ ለበሽተኛ ማዋል አይገባም። የተረፉ ናሙናዎችን፣ ዝቅተኛም መካከለኛም ከፍተኛም ያሉበት ቢያንስ 20 ያህል፣ በእጅ መለኪያውና በኬሚስትሪ ማሽኑ በ5 ደቂቃ ልዩነት ለክቶ ጎን ለጎን መጻፍ ነው። በ3 እና በ4 መካከል ያሉት ንባቦች በ0.5 የሚለያዩ ከሆነ መለኪያው ወሰኑ ላይ አይታመንም፤ 2 እና 9ን ለመለየት ብቻ ይውላል። ማሽን የሌለው ቤት ከሌላ ላብራቶሪ ጋር ተስማምቶ ይህን ሳያደርግ ባይገዛ ይሻላል።

አሠራሩ ላይ የሚሳሳቱት በአብዛኛው እነዚህን ነው። በሰው ላብ ውስጥ ብዙ ላክቴት አለ፤ የስትሪፑን ጫፍ በባዶ ጣት የነካ ሰው የራሱን ላክቴት ይለካል። አዲስ ጓንት ይደረግ፣ ስትሪፑም በኋላው በኩል ይያዝ። ናሙናው ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ሕዋሶቹ ግሉኮሱን መብላት አያቆሙምና ላክቴቱ ይጨምራል፤ ያውም ሕዋስ በበዛበት ፈሳሽ በፍጥነት። ከወገብ በወጣ በ15 ደቂቃ ውስጥ መለካት ካልተቻለ ሶዲየም ፍሎራይድ ባለው ግራጫ ክዳን ቱቦ ይቀዳ። ቱቦው ለ4 ሚሊ ሊትር የተሠራ ሆኖ 0.3 ሚሊ ብቻ ከገባበት የፍሎራይዱ ክምችት ስለሚበዛ ለኢንዛይሙ አይመችም፤ ትንሹን ቱቦ ፈልጎ እስከ መስመሩ መሙላት ነው። መርፌው ሥር ነክቶ ደም የቀላቀለ ናሙና ሲመጣ መጀመሪያ በሴንትሪፊዩጅ ይዙር፣ ከላይ ካለው የጠራ ክፍል ይለካ፣ ውጤቱ ላይም «ደም የቀላቀለ» ተብሎ ይጻፍ።

የስትሪፑ ጠርሙስ ክዳን እንደተከፈተ መተው የተለመደ ጥፋት ነው። የሐይቁ እርጥበትና የመጋቢት የቀትር ሙቀት ስትሪፑን ከማለቂያ ቀኑ በፊት ይገድለዋል። መስኮት ሥር ያለ መደርደሪያ አይሆንም።

ላክቴት ያለ ባክቴሪያም ይሰቀላል። ረጅም የሚጥል በሽታ መናድ፣ ስትሮክ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የኦክስጅን እጥረት ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። ሀዋሳ ላይ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው አንጎል የነካ ወባ ነው፤ በእሱም የፈሳሹ ላክቴት ይጨምራል። የአንጎል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት በሽተኛ ላይ የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር የ2004 መመሪያ ወሰኑን 4.0 ላይ አድርጎታል።

ከ5 ኮከብ 4 እንሰጠዋለን። አንዱን የቀነሰው አንቲባዮቲኩ ነው።

ፕሮካልሲቶኒን፦ ውዱና ወባ የሚያሳስተው

ፕሮካልሲቶኒን የሚለካው ከደም ነው፤ ወገብ መውጋት ባይቻልም ይሠራል። በሽተኛው በአንድ ወገን ከደከመ፣ አዲስ መናድ ካለበት፣ ወይም ንቃቱ ክፉኛ ከወረደ ሲቲ ስካን መቅደም አለበት፤ ሲቲው እስኪደርስ ላክቴት የለም፣ ደም ግን አለ። ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ በገባ በ3 እና 6 ሰዓት መካከል ፕሮካልሲቶኒኑ ከፍ ማለት ይጀምራል፤ ቫይረስ ሲሆን ኢንተርፌሮን ጋማ ስለሚያፍነው ዝቅ ይላል። በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በ24 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሪፈር በሽተኛ ወርቅ ነው፦ ትናንት ማታ ጤና ጣቢያ አንድ ዶዝ የወሰደ ሰው ላክቴቱ ቢወርድና ካልቸሩ (ባክቴሪያ የሚያበቅለው ምርመራ) ባዶ ቢሆን እንኳ ፕሮካልሲቶኒኑ ዛሬ ጠዋት ገና ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

በአዋቂዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን የጠረቀመ የ2015 ሥራ የደም ፕሮካልሲቶኒንን የመያዝ አቅም 90፣ የመለየት አቅሙን 98 በመቶ አድርጎታል። በብዛት የሚሠራበት ወሰን 0.5 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ነው።

ካሴቱ ላይ ያለው ችግር ከዚህ ቁጥር ይጀምራል። በዓይን የሚነበበው ዓይነት ውጤቱን በቀለም ድምቀት አራት ቦታ ይከፍላል፦ ከ0.5 በታች፣ ከ0.5 እስከ 2፣ ከ2 እስከ 10፣ ከ10 በላይ። ለማጅራት ገትር የምንፈልገው ወሰን የመጀመሪያው፣ ማለትም በጣም የደበዘዘው መስመር ነው። ዓይን የሚያሳስተውም እዚያው ላይ ነው። የሌሊት ተረኛ በደካማ አምፖል «ምንም የለም» ያለውን ቀን ላይ ሌላ ሰው 0.5 ይለዋል። ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብብ፣ ካልተስማሙ ከፍተኛው ይጻፍ። በትንሽ ማንበቢያ መሣሪያ ቁጥር የሚያወጣው ዓይነት ከተገኘ ያለ ጥርጥር እሱ ይሻላል።

የካሴቱ አሠራር ቀላል ቢመስልም ስሱ ነው። በዓይን የሚነበበው የተለመደው ካሴት 200 ማይክሮ ሊትር ሴረም ወይም ፕላዝማ ይፈልጋል፤ ሙሉ ደም አይሆንም፣ ስለዚህ ሴንትሪፊዩጅ የግድ ነው። በ30ኛው ደቂቃ ይነበባል፣ ከ45 ደቂቃ በኋላ ግን ውጤት አይደለም። ሰዓት ቆጣሪ ሳይሞላ ወደ ሌላ ሥራ የሄደ ባለሙያ ሲመለስ የሚያገኘው የደመቀ መስመር ውሸት ነው። ከፍሪጅ የወጣ ካሴት ከነከረጢቱ ለግማሽ ሰዓት የክፍሉን ሙቀት ይልመድ፤ ቀዝቅዞ ከተቀደደ ጤዛ ይይዝና ፈሳሹ ወጣ ገባ ይፈስሳል። የኮንትሮሉ መስመር ካልወጣ ይጣላል፤ «ለማንኛውም» ተብሎ አይነበብም።

አሁን ወደ ወባው። ፋልሲፓረም ወባ ፕሮካልሲቶኒንን ያለ ምንም ባክቴሪያ ይሰቅላል፤ በከባድ ወባ ከ10 በላይ ሊወጣ ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ መዝግባለች፤ ሀዋሳም ሐይቅ ዳር በ1700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞ፣ ራሱን ስቶ ለመጣ ሰው የፕሮካልሲቶኒን 8 ውጤት ብቻውን ምንም አይናገርም። ብለድ ፊልሙ (ደምን ለወባ በማይክሮስኮፕ ማየት) ወይም አርዲቲው (ፈጣን የወባ ምርመራ) በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወረቀት ላይ ካልመጣ ካሴቱን መክፈት ብክነት ነው። ብለድ ፊልሙ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ወደ ወገቡ ፈሳሽ ይመለሳል። ወባ መገኘቱ ማጅራት ገትር የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ።

ሌላው ጉድለቱ ቦታ አለመናገሩ ነው። የሳንባ ምች ያለበት ሰው ፕሮካልሲቶኒኑ 6 ቢሆን አንገቱ ለምን እንደደረቀ አይነግርህም። ከባድ ቃጠሎ፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ የኩላሊት ድክመትም ከፍ ያደርጉታል። ሕመሙ ገና ሰዓታት ያስቆጠረ ከሆነ ዝቅ ያለው ውጤት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይደገም።

3 ኮከብ ይበቃዋል። ወባ በሌለበት ደጋ ቢሆን 4 ነበር።

ሲአርፒ፦ አሮጌው ዕቃ

ሲአርፒ ከሁሉም የተንሰራፋ፣ ከሁሉም በከንቱ የሚታዘዝ ምርመራ ነው። ከፍ ማለቱ ምንም አይለይም፤ ወባም፣ ቲቢም፣ ታይፈስም፣ የተሰበረ አጥንትም ከፍ ያደርጉታል። ጥቅሙ በተቃራኒው በኩል ነው። ሕመሙ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ግራም ስቴይኑ ባዶ ከሆነና ሲአርፒው ፍጹም መደበኛ ከሆነ የባክቴሪያ ማጅራት ገትር የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ከዚህ ውጭ አይጠየቅ።

በየቤቱ ያለው የላቴክሱ ስላይድ ዓይነት ነው። 50 ማይክሮ ሊትር ሴረም፣ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት፣ 2 ደቂቃ ማሽከርከር፣ ወዲያው ማንበብ፣ ከተቋጠረ ፖዘቲቭ ነው፤ ዝቅተኛው የሚያየው 6 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ነው። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። ከ2 ደቂቃ በኋላ ጠብታው ጠርዙ ላይ ሲደርቅ የተቋጠረ ይመስላል፣ ያኔ ኔጌቲቩ ፖዘቲቭ ይሆናል። በተቃራኒው ሲአርፒው እጅግ ከፍ ሲል አንቲጅኑ ከላቴክሱ ስለሚበዛ መቋጠሩ ይከሽፋል፤ ሞት አፋፍ ላይ ያለው በሽተኛ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። በጠና የታመመ ሰው ኔጌቲቭ ሲወጣ ሴረሙን በሳላይን 1 ለ10 አቅጥኖ መድገም ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ይህን የማያደርግ ላብራቶሪ ሲአርፒን «አያስፈልግም» ለማለት መጠቀም የለበትም። ጉበቱ የደከመ ሰው ላይም ዝቅ ያለው አያጽናናም፤ የሚያመርተው ጉበቱ ነውና።

የሽንት ስትሪፑ

አዎ፣ በፈሳሹ ላይ ይሠራል። አምራቹ ግን ለሽንት ነው የሠራው። የሉኮሳይቱ ንጣፍ በ2 ደቂቃ፣ ፕሮቲኑ በ1 ደቂቃ ይነበባል፤ ስትሪፑን ቱቦው ውስጥ መንከር ሳይሆን በፒፔት አንድ አንድ ጠብታ ማኖር ነው፣ አለዚያ ለካልቸር የሚቀረው ይበከላል። ሉኮሳይት (ነጭ ሕዋስ) ሁለት መስቀል (++)፣ ፕሮቲን ሁለት መስቀል፣ የግሉኮሱ ንጣፍ ምንም ካላሳየ የተኛ ሰው መቀስቀስ ተገቢ ነው። የግሉኮሱ ንጣፍ የተሠራው በሽንት ውስጥ የበዛን ስኳር ለማየት እንጂ ያነሰን ለመለካት ስላልሆነ ለብቻው አይነበብ። ስትሪፑ ምንም አለማሳየቱ ደግሞ ምንም አይደለም። የሉኮሳይቱ ንጣፍ የሚያየው ኢስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ከኒውትሮፊል ስለሚመጣ ሊምፎሳይት (ሌላው የነጭ ሕዋስ ዓይነት) የበዛበትን ቲቢ አያየውም።

ያልተካተቱት

ሄፓሪን ያዥ ፕሮቲን የሚባለው አዲስ ባዮማርከር በ2011 የስዊድን ጥናት ላይ በፈሳሹ ከ20 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር በላይ ሲሆን የባክቴሪያ ማጅራት ገትርን ሁሉ ይዟል። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ሀዋሳ ላይ ለሚገዛ ሰው ግን ለጊዜው የወረቀት ላይ ነገር ነው። ፊልምአሬይ የተባለው ማሽን በ200 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ 14 ጀርም በ1 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ባዮማርከር ስላልሆነ፣ የካርትሪጁም ወጪ ሌላ ሚዛን ስለሚጠይቅ ትተነዋል። የኒሞኮከስ (ማጅራት ገትር የሚያመጣ ባክቴሪያ) አንቲጅን ካሴቱን ግን መጥቀስ ተገቢ ነው። በሽንት የሚታወቀው ይኸው ካሴት በወገብ ፈሳሽ ላይ በ15 ደቂቃ መልስ ይሰጣል፤ አንቲጅኑም ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ ስለሚቆይ ሴፍትሪያክሶን ለጀመረ በሽተኛ ይመቻል። ከፕሮካልሲቶኒን በፊት እሱን የሚገዛ ቤት ቢኖር አንከራከረውም።

አንድ ላይ ሲነበቡ

አንቲባዮቲክ ያልነካው በሽተኛ፣ ላክቴት ከ3.5 በታች፣ ፕሮካልሲቶኒን ከ0.5 በታች፣ ግራም ስቴይን ባዶ፣ ሕዋሱ ጥቂትና በአብዛኛው ሊምፎሳይት፦ ካልቸሩን በ48ኛው ሰዓት አይቶ ሴፍትሪያክሶኑን ማቆም ይቻላል። ሐኪሙ እንዲደፍር የሚያደርገው የቁጥሮቹ መስማማት ነው፤ አንዱ ካፈነገጠ ይቀጥል።

አንቲባዮቲክ የነካው፣ ላክቴት ዝቅ ያለ፣ ፕሮካልሲቶኒን 3፣ ብለድ ፊልም ኔጌቲቭ፣ ሳንባው ንጹሕ፦ እንደ ባክቴሪያ ይታከም፤ ላክቴቱን አትስሙት።

ላክቴት ከፍ ብሎ ፕሮካልሲቶኒን ዝቅ ያለበት ቅንጅት ከሁሉም አደገኛው ነው። ሕመሙ ሁለት ሳምንት የቆየ፣ የከሳ፣ ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሰው ከሆነ ቲቢና ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ናቸው የሚታሰቡት። ሁለቱም ላክቴትን ያነሣሉ፣ ፕሮካልሲቶኒንን ግን ብዙ ጊዜ አይነኩትም። «ፕሮካልሲቶኒን ኔጌቲቭ ነው፣ ቫይረስ ይሆናል» ብሎ ወደ ቤት መስደድ ሰው ይገድላል። የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ስትሪፑ 40 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽና 10 ደቂቃ ነው የሚፈልገው፤ ለቲቢ መመርመሪያው ጂን ኤክስፐርት አልትራ ደግሞ ፈሳሹ በበዛ ቁጥር ቲቢውን የማግኘት ዕድሉ ይጨምራልና ወገቡ አንዴ ሲወጋ ከ6 ሚሊ ሊትር ያላነሰ ለብቻው ይቀዳለት። ከአዋቂ 10 ሚሊ ሊትር መውሰድ ችግር የለውም፤ ሦስት ጠብታ ልኮ አምስት ምርመራ ማዘዝ ነው ችግሩ።

ብግነትን የሚቀንሰው ስቴሮይድ ዴክሳሜታዞንም እዚህ ውስጥ ይገባል። 10 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ለ4 ቀን መስጠት በ2002 የአውሮፓ ጥናት በተለይ በኒሞኮከስ የሚሞተውን ሰው ቀንሷል፤ በ2007 የታተመው የማላዊ ጥናት ግን ጥቅም አላየበትም። በኢትዮጵያ አራት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የ425 በሽተኞችን መዝገብ አገላብጦ በ2016 የወጣ ሥራ ደግሞ ባክቴሪያ መሆኑ ሳይረጋገጥ ዴክሳሜታዞን በወሰዱት መካከል ሞት ከፍ ብሎ አግኝቷል። የመዝገብ ጥናት ስለሆነ መድኃኒቱ ገደለ አያሰኝም። ያልታወቀን ማጅራት ገትር ለአራት ቀን በስቴሮይድ ማከም ግን ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይናገራል። የላክቴት ውጤት በመጀመሪያው ሰዓት ከደረሰ ጥቅሙ ሴፍትሪያክሶኑን ከማሳጠርም በላይ ዴክሳሜታዞኑ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን መርዳቱ ነው።

ወደ ውጭ ላብራቶሪ ሲላክ

ብዙ ክሊኒኮች እነዚህን ራሳቸው አይሠሩም፤ ናሙናውን በባጃጅ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ይልካሉ። እዚህ ላይ ሁለቱ ባዮማርከሮች ይለያያሉ። ፕሮካልሲቶኒን መንገድ ይችላል፤ ሴረሙ ተለይቶ በፍሪጅ ከተያዘ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ስለዚህ ቁጥር የሚያወጣ ማሽን ወዳለበት መላክ ካሴት ገዝቶ ከማስቀመጥ ይሻላል፤ በተለይ በወር ሁለት ሦስት በሽተኛ ብቻ ለሚያይ ቤት። የ25 ካሴት ሳጥን ገዝቶ 15ቱን በማለቂያ ቀን መጣል የእያንዳንዱን ምርመራ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ላክቴት ግን መንገድ አይችልም። ያለ ፍሎራይድ በቀይ ክዳን ቱቦ ከተላከ ፒያሳ እስኪደርስ ሌላ ቁጥር ነው።

ውል ከመያዙ በፊት ተቀባዩን ላብራቶሪ መጠየቅ ያለበት፦ ውጤቱ በስንት ሰዓት ይመለሳል፣ እሑድና ሌሊት ይሠራል ወይ፣ ውጤቱ በየትኛው መለኪያ ይጻፋል፣ ናሙናው የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባል ወይ። ኮንትሮሉን በየስንት ጊዜው እንደሚሠራ ሲጠየቅ መዝገቡን አውጥቶ የሚያሳይ ይመረጥ። ለካልቸር የሚሄደው ቱቦ ከሌሎቹ ጋር በበረዶ ሳጥን እንዳይገባ ለባጃጁ ሰው ለብቻው ይነገረው፤ ሜኒንጎኮከስ የተባለው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ብርድ አይወድም።